ዘር የገባበት ጨው

ሴትዮዋ ድልድዩን በእግሯ እየተሻገረች ሳለ ወታደሮች ከወዲያ ማዶ በሰልፍ መጡ። ወደ ብረቱ መደገፊያ ተጠጋች። ከፊት የሚሄደው አሥር አለቃ «ገለል በይ እናቴ!» አላት። ገለል አለች። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆመች። ላያት ሰው ለወታደሮቹ የምትጸልይ ትመስል ነበር። እሷ ግን ከካፖርቷ ሥር የያዘችውን፣ በጥቁር ጨርቅ የተጠቀለለ የመስታወት ቱቦ እየጠበቀች ነበር።

ሰልፉ አለፈ። መንገዷን ቀጠለች። ሰረገላ መሳፈር አይፈቀድላትም፤ ሰረገላ ያንገጫግጫል። ደንቡን ያወጡት ታላቅ ወንድሟ ናቸው። እሷ ጨው የምታጠራበት የማጣሪያው ቤት ለውሃው ሲባል ወንዝ ዳር ተሠራ። ወንድሟ የሚመዝኑበት ሚዛን ደግሞ በፈረስ የሚጎተተው ባቡር እንዳያነቃንቀው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ምድር ቤት ውስጥ ተቀመጠ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ዕቃ በሰው ደረት ላይ ብቻ ነው የሚጓዘው። ደረቱ ሁልጊዜ የእሷ ነበር።

ዛሬ እግሯን የያዛት ግን የቱቦው ነገር አልነበረም። ጠዋት ያየችው ነገር ነው።

ወንድሟን ሰው ሁሉ ሊቁ ይላቸዋል። ተማሪዎቻቸው በሌሉበት አባ ሚዛን ይሏቸዋል። ከሃያ ዓመት በፊት እርሳስ የሚባለውን ከባድ ብረት የአቶም ክብደት አውጥተው፣ ሁለት መቶ ሰባት ነጥብ ሁለት ነው ብለው ጻፉ። ቁጥሩ ትምህርት ቤት ገባ። በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ ከእርሳስ ስም ጎን ቆመ። በሌላ አገር ያሉ ሊቃውንት ሊያነቃንቁት ሞከሩ፤ አልተነቃነቀም። ሊቁ ሚስት አላገቡም፤ ልጅም አልወለዱም። ያላቸው ያ ቁጥር ነበር።

እሷ ባሏ ሲሞት ሕፃን ታቅፋ እሳቸው ቤት ገባች። መጀመሪያ ብርጭቆ አጠበች። ቀጥላ ውሃ አነጠረች። በመጨረሻ ጨው ማጥራት ለመደች። ጨዉን በፈላ ውሃ ታሟሟዋለች፤ ሲበርድ ንጹሑ እንደ ነጭ መርፌ ሆኖ ይረጋል፤ ቆሻሻው ከውሃው ጋር ይቀራል። እንደገና ታሟሟዋለች፤ እንደገና ታረጋዋለች። ተማሪዎቹ እትዬ ንጹሕ ብለው ስም አወጡላት። በዚህ ስም የምትቆጣ ትመስል ነበር እንጂ ትወደው ነበር።

ልጇ በዚያ ቤት አደገ። ከአጎቱ ሚዛን ሥር ዳዴ አለ፤ እዚያው ፊደል ቆጠረ፤ እዚያው ኬሚስትሪ ተማረ። ከዚያ ባሕር ማዶ ሄደ። ሲመለስ ጢም አብቅሎ፣ አንድ አዲስ ሐሳብ ይዞ መጣ። ሐሳቡን ያወጣው እራት ላይ ነው።

«ጋሼ፣ የእርስዎ እርሳስ ከገበያ የተገዛ ነው» አለ። «ዩራኒየም ካለበት ድንጋይ የሚወጣው እርሳስ ግን ከሱ ይቀላል ባይ ነኝ።»

«ቆሻሻ ካለበት መቼም ይቀላል።»

«ንጹሕ ሆኖም ይቀላል። ዩራኒየም በዘመን ብዛት ራሱን እየሸራረፈ እርሳስ ይሆናል። ያ እርሳስ ከዚህኛው ጋር በሁሉም ነገር አንድ ነው። መልኩ አንድ፣ ጨዉ አንድ፣ በሰንጠረዡ ላይ ያለው ቦታ አንድ። የሚለየው ክብደቱ ብቻ ነው። እንዲህ ያሉትን አሁን አይሶቶፕ ይሏቸዋል። ቦታቸው አንድ ነው ለማለት ነው።»

ሊቁ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «እርሳስ መንታ ወለደ በለኛ!» አሉ። «አዋላጇስ ማን ነበረች? እናትህ?»

እሷ ሳቀች። ልጇ አልሳቀም። ከወር በኋላ ያንኑ በጋዜጣ አሳተመው። ከአጎቱ ቁጥር ጎን «ምናልባት» የምትል አንዲት ቃል ጨምሮበት ነበር። ሊቁ ጋዜጣውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ልጁ ከቤት ወጥቶ ክፍል ተከራየ፤ እዚያም ተማሪዎች ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሊቁ የእህቴ ልጅ ማለት ተዉ። «ያ ሰውዬ» ነበር የሚሉት።

«ድንጋዩን አምጡልኝ» አሉ። «እኔው እመዝነዋለሁ።»

ማዕድኑ የሚገኘው ከጦር ግንባሩ ወዲያ ነው። መንገዱ ሳይዘጋ አንድ ጆንያ ደረሰ። ከዚያ ሁሉ ድንጋይ የወጣው የእርሳስ ጨው አንዲት ትንሽ ስኒ እንኳ በቅጡ አልሞላም። የመጀመሪያው ጊዜ ብርዱ ኃይለኛ ስለነበር ጨዉ ሲያድር በራሱ ረግቶ ተገኘ። ተመዘነ። ሁለት መቶ ስድስት ነጥብ አንድ ሆነ።

የወንድሟ ፊት እንዴት እንደነበረ አትረሳውም። ታማሚ መስለው ነበር።

«ቆሻሻ ነው» አሉ። «አጥሪው።»

አጠራች። ቁጥሩ ጥቂት ከፍ አለ። «አጥሪው።» አጠራች። አሁንም ከፍ አለ። ባጠራችው መጠን ወደ አሮጌው ቁጥር ተጠጋ። የወንድሟ የምግብ ፍላጎት ተመለሰ። አንድ ቀን ደግሞ ሲያፏጩ ሰማቻቸው። «አየሽ? ቆሻሻው እየለቀቀ ነው» ይሏታል። «ደግሞ እጅሽ! ይኸን ያህል ጊዜ ስታጠሪ ቅንጣት አላጎደልሽም።» እሷም ደስ አላት። እንዲህ ብለው አመስግነዋት አያውቁም ነበርና።

ዛሬ የሊቃውንቱ ጉባኤ ይሰበሰባል። ሊቁ የመጨረሻውን ቁጥር ያነባሉ። ጉባኤው ከተቀበላቸው ያ ሰውዬ የሚያስተምረው ስሕተት ነው ይባላል፤ የማስተማሪያ ክፍሉም ይዘጋበታል። የቀረው አንድ መመዘን ነበር። የጠራው ጨው ባለፈው ሳምንት ተመዝኗል። አሁን በቱቦው ውስጥ ያለው፣ ያ ጨው ከብር ጋር ተገናኝቶ የጣለው ነጭ ዱቄት ነው። ብርሃን ካየ ይጠቁራል፤ ጥቁሩ ጨርቅ ለዚያ ነው። የሁለቱ ክብደት ሲነጻጸር የእርሳሱ ቁጥር ይወጣል።

ጠዋት ቱቦውን ከጠቀለለች በኋላ መደርደሪያውን ልትወለውል ተነሣች። እናቲቱን ልታነሣ እጇን ዘረጋች።

እናቲቱ የሚሏት አንዲት ትልቅ የመስታወት ገንቦ ናት። በውስጧ ሊቁ የዛሬ ሃያ ዓመት ከመዘኑት እርሳስ የተረፈው ንጹሕ ጨው ይቀመጣል። ጨው አልረጋ ብሎ ሲያስቸግር ከእናቲቱ ቁንጥር ያህል ይወሰድና ውሃው ላይ ይጣላል። ያን ጊዜ ውሃው ሥራው ትዝ እንዳለው ሰው ይነቃል፤ በቁንጥሯ ዙሪያ መርፌ መርፌ እያለ ይረጋል። ዘር መጣል ይሉታል። የዚያ ቤት ሰው ዘሩን ከእናቲቱ እንጂ ከሌላ አይወስድም። ወንድሟ ያስተማሯት እንዲህ ነው፤ እጇም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ብርዱ ከላላ ጀምሮ በየማጥራቱ ስትጥል ከረመች።

እናቲቱ ቀልላ ተነሣችላት። ሴትዮዋ ገንቦዋን ወደ መስኮቱ አስጠጋች። ጨዉ ከገንቦዋ አንገት ወርዶ ከሆዷ በታች ደርሶ ነበር።

መጀመሪያ የሰረቀ ሰው አለ ብላ አሰበች። ቀጥሎ የራሷን ጣቶች አየች። ቁንጥሯ ያው የድሮ ቁንጥር ናት። ድሮ ግን የሚጣልበት ድስት ባልዲ ባልዲ ያህል ነበር። የዘንድሮው ስኒ አይሞላም። ለድግስ በለመደው እጇ የአንድ በሽተኛ ሾርባ ላይ ጨው ስትነሰንስ ከርማለች። በየማጥራቱ ከድንጋዩ እርሳስ ጥቂቱ ከውሃው ጋር ሲሄድ፣ በምትኩ የገበያው እርሳስ ሲገባ ከርሟል። ቅንጣት ያልጎደለው ለዚህ ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለውም ለዚህ ነው።

መሬት ላይ ቁጭ አለች። ቱቦውን ግን ከደረቷ አልለቀቀችም።

አሁን መንገዱ እያለቀ ነበር። ዝም ብትል ወንድሟ በሕዝብ ፊት ውሸት ያነባሉ፤ ልጇም ይዋረዳል። ብትናገር ማን ያምናታል? የልጇ እናት ናት። ለልጇ ስትል ነው ይሏታል። የምድር ቤቱን ደረጃ ስትወርድ ይህንኑ እያሰበች ነበር።

ሊቁ ዱቄቱን በማያጠቁረው በቀዩ ፋኖስ ብርሃን ተቀምጠው ይጠብቋታል። የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው፣ እንዳይቆሽሽ ሽርጥ ደርበውበታል። ሚዛኑ በመስታወት ቤቱ ውስጥ ነው። ከሱ ራቅ ብሎ በወፍራም ጨርቅ የተሸፈነ ወንበር አለ፤ የሰውነት ሙቀት ሚዛኑን እንዳያሳስተው ሲጠብቁ የሚቀመጡት እዚያ ነው።

«ዘገየሽ።»

«ወታደር መንገድ ዘጋብኝ።»

«በይ አምጪው። አትተንፍሺበት።»

ቱቦውን በመቆንጠጫ ተቀበሏት። ከዚህ በኋላ እዚያ ክፍል ውስጥ ማውራት ክልክል ነው። ቆማ አየቻቸው። ስድሳ ዓመት ያለፈው እጅ ነው፤ አይንቀጠቀጥም። ትንንሾቹን የፕላቲኒየም መመዘኛዎች አንድ በአንድ ያነሣሉ፤ የመስታወቱን በር ይዘጋሉ፤ የሚዛኑ መርፌ እስክትረጋ ይጠብቃሉ፤ ይከፍታሉ፤ ይቀይራሉ። ልትናገር አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋች። መመዘን ላይ ያለ ሰው አይቋረጥም። ይህም ደንብ ነው።

ሊቁ ብዕርና ወረቀት አነሡ። አሰሉ። ደግመው አሰሉ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ስድስት ነጥብ ሰባት» አሉ በዝግታ። «ሁለት መቶ ስድስት ነጥብ ሰባት። እየመጣ ነው። ጥቂት ማጥራት ቢቀጥል ሰባት ነጥብ ሁለት ይደርሳል። ለዛሬ ይበቃኛል። አካሄዱን አሳያቸዋለሁ። አካሄዱን ካዩ መድረሻውን ያውቁታል።»

«ወንድም ጋሼ።»

«አቤት።»

«አያነቡትም።»

ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምኑን?»

«ቁጥሩን። ቁጥሩ የድንጋዩ አይደለም። የእናቲቱ ነው።»

ነገረቻቸው። ስለ ገንቦዋ፣ ስለ ስኒው፣ ስለ ቁንጥሯ ነገረቻቸው። ስታወራ አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ እንደማያዳምጧት ታውቃለች። ሊቁ እስክትጨርስ ሰሟት። ሽርጣቸውን ፈቱ፤ አጠፉት፤ ወንበሩ ላይ አደረጉት።

«መቼ ነው ያየሽው?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ዛሬ ጠዋት» አሉ። «እስከ ዛሬ ዓይንሽ የት ነበር? ዛሬ፣ እኔ ቁጥሬን ላነብ፣ ያ ሰውዬ ክፍሉ ሊዘጋ፣ ዛሬ ጠዋት ተገለጠልሽ?»

«እንደሱ እንደሚሉኝ አውቄያለሁ።»

«ካወቅሽ ለምን መጣሽ?»

«ስለሆነ ነዋ! ስለሆነ ነው የመጣሁት።»

«ለልጅሽ ብለሽ ነው።»

«ለልጄ ብዬ ቢሆንማ እስኪያነቡት ዝም እል ነበር! ነገ ሌላው መዝኖ ሲያጋልጥዎ ልጄ ይስቅ ነበር!»

በዚያ ክፍል ውስጥ ጮኾ የሚያውቅ ሰው የለም። የሚዛኑ መርፌ ከመስታወቱ ውስጥ ተንቀጠቀጠች። ሁለቱም መርፌዋን አዩ፤ እስክትረጋም ጠበቁ። የለመዱት ነገር ነው።

ሊቁ ቀድመው ተናገሩ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ከጩኸቱ ይልቅ ያስፈራት እሱ ነው።

«እሺ። እርሳስ ሁለት ዓይነት ነው እንበል። ሁለቱን ቀላቅያለሁ ነው የምትይኝ። አንቺ ከጨው ውስጥ ያላወጣሽው ነገር የለም። ብር ገብቶብሽ ያውቃል፤ አወጣሽው። መዳብ ገብቶብሽ ያውቃል፤ አወጣሽው። አንድ ቅንጣት ብረት ገብቶ ከውሃው መልክ ያወቅሽ ሰው ነሽ። በይ የቀላቀልሽውን ለዪልኝ። ጨዉ ያውልሽ። የእናቲቱን ለብቻ፣ የድንጋዩን ለብቻ አድርገሽ አምጪልኝ። ያን ጊዜ ሁለት ነው እላለሁ።»

«አልችልም።»

«ለምን?»

«አንድ ናቸዋ! አንድ ላይ ይሟሟሉ፤ አንድ ላይ ይረጋሉ። ብር ቢያገኛቸው አብረው፣ አሲድ ቢያገኛቸው አብረው ናቸው። በኔ እጅ አንድ ናቸው። በእርስዎ ሚዛን ነው ሁለት የሆኑት። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ማንም ሰው በማጥራት አይለያቸውም። የምትችል ከሆነ አንተ ለየው!»

አንተ ማለቷን የሰማችው ካለች በኋላ ነው። ከተወለደች ወንድሟን አንተ ብላ አታውቅም። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሊቁ ግን አልሰሟትም መሰለ። ወይም የሰሙት ሌላውን ነው። ዓይናቸው ሚዛኑ ላይ ነበር። ቀዩ ብርሃን በግማሽ ፊታቸው ላይ አርፎ ነበር። እህታቸው ይህን አተያይ ታውቀዋለች፤ መርፌዋ እስክትረጋ የሚጠብቁበት አተያይ ነው።

«የመጀመሪያው ላይ» አሉ በመጨረሻ። «ዘር ጥለሽበት ነበር?»

«አልጣልኩም። ብርዱ ነው ያረጋው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ተነሡ። ባርኔጣቸውን ከመስቀያው አወረዱ። ወረቀቱን አጥፈው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ደረጃውን ወጡ። አብረሽኝ ነይ አላሏትም፤ ቅሪም አላሏትም።

ከላይ የሰረገላው በር ሲዘጋ ሰማች። ስትወጣ ሰረገላው ጥግ ታጥፎ ነበር። ሮጠች። በዕድሜዋ መሮጥ የሚያስቅ ነገር ነው፤ አንድ ዳቦ ሻጭ «እትዬ፣ ማን ቀደመሽ?» ብሎ ጮኸባት። ሩጫዋን ቀጠለች። ምን እንደሚያነቡ ማወቅ ነበረባት።

የጉባኤው አዳራሽ በር ላይ በረኛው ተቀምጧል። ወፍራም፣ የነሐስ ቁልፍ ያለው ኮት የለበሰ፣ አንድ እግሩ የሚያነክስ ሽማግሌ ነው። ያውቃታል። በየዓመቱ ወንድሟ የረሱትን መነጽር ታመጣለች።

«ዛሬስ ምን ረሱ?» አላት።

«ምንም። ገብተዋል?»

«ገብተዋል። ሰላምታም አልሰጡኝም። ምን አበላሻቸው?» ሲያያት ሳቁን ተወ። «ኧረ አንቺም ደህና አይደለሽም። ቁጭ በይ። ውሃ ልስጥሽ?»

«በሩን ገርበብ አድርግልኝ።»

«እትዬ፣ ክልክል እኮ ነው።»

«ገርበብ ብቻ።»

በረኛው ግራና ቀኝ አየ። በሩን በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገና ፊቱን አዞረ።

በክፍተቱ የወንድሟ ጀርባ ይታያል። ከፊታቸው በደረጃ በደረጃ የተቀመጡ ሽማግሌዎች አሉ፤ ሁሉም ጥቁር የለበሱ፣ አንዳንዶቹ እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ ያደረጉ። ልጇን ፈለገችው። ከኋለኛው ወንበር፣ ከግድግዳው ሥር ነበር። ጢሙን ተላጭቷል። ሳታስበው እሰይ አለች በልቧ።

ሰብሳቢው ደወል መታ። «ሊቁ ስለ እርሳስ ያነባሉ» አለ። «ሁላችንም እንደምናውቀው ስለ አንድ ቁጥር ክርክር ተነሥቷል። ዛሬ ይዘጋል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።»

ሊቁ ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡ። አልዘረጉትም።

«ከዚያ ድንጋይ የወጣውን እርሳስ ብዙ ጊዜ መዝኛለሁ» አሉ። «ከመጀመሪያው በቀር ሁሉንም ተዉት። አይረቡም።»

በአዳራሹ ውስጥ መንሾካሾክ ተሰማ።

«ጨዉን ለማርጋት ከድሮው ጨዌ ዘር ሲጣልበት ከርሟል። ዘሩ በዛ። የመዘንኩት የድንጋዩን እርሳስ ከገበያው ጋር እንደተቀላቀለ ነው። የቀረኝ አንድ ንጹሕ ምዘና ብቻ ነው። እሱ ሁለት መቶ ስድስት ነጥብ አንድ ነው።»

አንድ ሽማግሌ ከፊት ወንበር ሆነው «አንዴ የተመዘነ ቁጥር አይደለም!» አሉ። «እርስዎ ነዎት ያስተማሩን!»

«አዎ» አሉ ሊቁ። «ዛሬም እንደዚያው እላለሁ። ስለዚህ ቁጥር ይዤ አልመጣሁም። ድንጋይ ልለምን ነው የመጣሁት። መንገዱ ሲከፈት ሌላ ጆንያ ይምጣልኝ።»

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «ታዲያ አሮጌውን ቁጥርዎን ያነሣሉ ማለት ነው?»

«አላነሣም። የገበያው እርሳስ ሁለት መቶ ሰባት ነጥብ ሁለት ነው። በደንብ መዝኜዋለሁ። ነገር ግን...» እዚህ ላይ ቆሙ። እህታቸው ከበሩ ውጭ የጀርባቸውን ኮት ስትመለከት ትከሻቸው ወርዶ ነበር። «ነገር ግን ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው የመዘንኩ መስሎኝ ኖሬያለሁ። ቤተሰቡን በሙሉ ነው የመዘንኩት። ቀላሉንም ከባዱንም አንድ ላይ። በዚህ ነገር የእህቴ ልጅ ከኔ ቀድሞ አይቷል።»

የእህቴ ልጅ። ሴትዮዋ የበሩን እጀታ ያዘች።

በአዳራሹ ውስጥ ጫጫታ ሆነ። አንዱ ይስቃል፤ ሌላው ዝም በሉ ይላል። አንድ ወፍራም ድምፅ ከሁሉ በላይ ወጣ፤ «ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ነው! አጎት የልጁን ክፍል ለማትረፍ የራሱን ሥራ ያበላሻል! ዘር በዛ የሚለውን ያየ ማን አለ? ምስክሩ ማን ነው?»

«ልክ ነው» አለ ሰብሳቢው። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዘሩን የጣለው ማን ነው?»

«የዘር አጣጣሉ ደንብ የኔ ነው» አሉ ሊቁ። «ጥፋቱም የኔ ነው።»

«የጠየቅሁት ደንቡን አይደለም። እጁን ነው።»

ሊቁ ወረቀታቸውን ከባርኔጣቸው ጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። መልስ እንደማይሰጡ እህታቸው አወቀች። ስሟን ለእነዚህ ሰዎች አሳልፈው አይሰጡም፤ ዝም ብለው ይቆማሉ፤ ሰዎቹም ዝምታውን እንደ ሐሰት ይቆጥሩታል። በሩን ገፋችው።

በረኛው ከወንበሩ ብድግ አለ። «እትዬ! ሴት አይገባም! እኔን ከሥራ ልታስወጪኝ ነው?»

«አስገድዳኝ ገባች በል።»

ገባች። ካፖርቷ ላይ የመንገድ ጭቃ ነበር። የጫማዋ ድምፅ በእንጨቱ ወለል ላይ ጎልቶ ተሰማ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ዞረው አዩዋት። ሰብሳቢው ደወሉን አነሣ፤ ግን አልመታውም፤ ለእንዲህ ያለ ነገር የሚመታ ይሁን አይሁን አላወቀም።

ሊቁ ዞር አሉ። አዩዋት። ከአንድ ሰዓት በፊት ለልጅሽ ብለሽ ነው ያሏት ያ ዓይን ነው። ውጪ ቢሏት ትወጣ ነበር።

ወረቀታቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ። ባርኔጣቸውንም አነሡ። ወደ ጎን አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

«እጁ ይኸውና» አሉ። «ጠይቋት። የምትነግራችሁ እውነት ነው።»

ጠረጴዛው ለቁመቷ ከፍ ይላል። ጣቶቿን ጠርዙ ላይ አሳረፈች፤ በአሲድ የተበሉ፣ ጥፍራቸው የጠቆረ ጣቶች ናቸው። ከኋለኛው ወንበር፣ ከግድግዳው ሥር፣ አንድ ሰው ብድግ ሲል በዓይኗ ጠርዝ አየች። ማን እንደሆነ ታውቃለች። ቀና ብላ አላየችውም። ልጇን ያየች እናት እንዳይሏት ፊቷን ወደ ሰብሳቢው ብቻ አደረገች።

«ዘሩን የጣልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ብርዱ ከላላበት ቀን ልጀምርላችሁ።»